ስለ ራኬት ጠርዝ አጠባበቅ



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክና ስለ ሩቅ አገሮች የሚጽፉ ጓደኞች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። እኔ ግን ልጽፍ የተነሣሁት ወርዱ ከአንዲት ጣት ስለማይበልጥ ነገር ነው፤ ይኸውም የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ጠርዝ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ራሴ እንዲሁ ይመስለኝ ነበርና። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ነገር ምክንያት አንድ የትምህርት ቤታችን ልጅ ያለ ጥፋቱ ተወቅሶ፣ ያለ ዕዳውም ከፍሏል። ከወቀሱት አንዱ እኔ ስለ ነበርሁ፣ ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ማካፈል ግዴታዬ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

በእኛ በደጋን፣ እንደ ኮምቦልቻና እንደ ደሴ ሁሉ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ የሚወደድ ጨዋታ ነው። ሰፊ ሜዳ አይፈልግም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መረብ፣ ሁለት ራኬትና አንዲት ኳስ ካሉ ሠላሳ ልጅ ተራ ይዞ ይጫወታል። በከተሞቻችን መንገድ ዳር ጠረጴዛ ተዘርግቶ ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ ሲጫወቱ ያላየ የለም። በትምህርት ቤታችን ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው። ከእንጨት ብቻ ከተሠሩት ልሙጥ ራኬቶች ሌላ፣ ላስቲክ የለበሱ ሁለት ደኅና ራኬቶች ነበሩን፤ እነርሱንም የገዛናቸው ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን ነው።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በዕረፍት ሰዓት፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ለመመለስ ሲል ራኬቱ የጠረጴዛውን ዳር ነካ። ምቱ ከባድ አልነበረም። ሆኖም የራኬቱ ጫፍ ተሰነጠቀና አንዱ የእንጨት ንጣፍ ከነላስቲኩ ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። ወዲያው ሁላችንም «የሰበረ ይክፈል!» ብለን ጮኽን። ልጁም «እኔ አልሰበርሁትም፤ በእጄ ላይ ተሰበረ እንጂ» አለ። ይህን አነጋገሩን እንደ ማምለጫ ቆጥረን ሳቅንበት። እናቱ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሄደው የሚነግዱ ናቸው። ከእርሳቸው ለምኖ ያገኘውን ገንዘብ በሳምንቱ ይዞ መጥቶ ከፈለ። ከዚያም በኋላ ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም።

የተሰበረው ራኬት ይጠገን እንደ ሆነ ለማሳየት እኔ ተመረጥሁና ቅዳሜ ዕለት ኮምቦልቻ ይዤው ሄድሁ። እዚያ የሚያውቁኝ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ። ራኬቱን ተቀብለው ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞሩና፣

«ይህን መቼ ነው የሰበራችሁት?» አሉኝ።

«ማክሰኞ ዕለት ነው ጋሼ» አልሁ።

«አይደለም ልጄ። ማክሰኞ የወደቀው ነው እንጂ የተሰበረው ድሮ ነው። ና ተመልከት፤ አዲስ የተሰበረ እንጨት ነጭ ነው። ይህ ግን ከጠርዙ ጀምሮ እስከ ሁለት ጣት ድረስ ጠቁሯል። ላብና አቧራ፣ የክረምትም ርጥበት ሲገባበት ከርሟል። ነጭ ሆኖ የቀረው ይህች ጥፍር የምታህለው ብቻ ናት።»

ባየሁት ጊዜ ደነገጥሁ። ራኬቱን የሰበረው የማክሰኞው ምት አልነበረም። ለብዙ ወራት በየዕለቱ ሲሰበር ኖሯል፤ የማክሰኞው ምት የመጨረሻው ብቻ ነው። ከነዚያም ምቶች ጥቂት የማይባሉት የእኔ ነበሩ። ነጥብ ባመለጠኝ ቁጥር በራኬቱ ጫፍ ጠረጴዛውን የመምታት ልማድ ነበረብኝና። አናጢው ፊቴን አይተው፣ «አብሽር፤ ለወደፊቱ ግን ጠርዙን ጠብቁ። እንዲህ ያለ እንጨት የሚሞተው ከጠርዙ ነው» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ስብራቱን ይዤ ለጓደኞቼ አሳየሁ፤ የራሴንም ጥፋት ተናገርሁ። ገንዘቡንም ለልጁ መለስንለት። ከዚያ በኋላ የራኬት ጠርዝ ለምን እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚጠበቅ ከመምህራችን፣ ከአናጢውና ከመጻሕፍት ጠይቄ የተረዳሁት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ራኬት ከምን ይሠራል?

አንድን ነገር ለመጠበቅ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የራኬት ገላ አንድ ወጥ ሳንቃ አይደለም። ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው በኮላ የተጣበቁበት ነው፤ ንጣፎቹም ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ሰባት ናቸው። የአንዱ ንጣፍ የእንጨት ክር በቁመት ሲሄድ የቀጣዩ በአግድም ይሄዳል። እንዲህ የሚደረገው እንጨት በክሩ አቅጣጫ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ፣ አንዱ የሌላውን ድካም እንዲሸፍን ነው። አናጢዎች ኮምፔርሳቶ የሚሉት ሳንቃም በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው።

በዓለም አቀፉ የጨዋታ ሕግ መሠረት ከራኬቱ ገላ ውፍረት ቢያንስ ከመቶ 85 እጅ የተፈጥሮ እንጨት መሆን አለበት። በእንጨቱ ላይ የሚለበሰው ላስቲክም ልክ አለው። ስፖንጅ የሌለውና ፊቱ ነጠብጣብ የሆነው ላስቲክ ከነማጣበቂያው ከ2 ሚሊ ሜትር፣ ስፖንጅ ያለው ደግሞ ከነማጣበቂያው ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስፖንጅ ያለው ራኬት ዓለምን ያስደነቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በቦምቤይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ በእርሱ ተጫውቶ ባሸነፈ ጊዜ ነው። ስፖንጅ ኳስን በፍጥነት ይመልሳል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ዳሩ በቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ በዘመናዊ ራኬት ላይ የሚጠበቁት ጠርዞች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የእንጨቱ፣ ሌላው የላስቲኩ።

ፊቱን በላስቲክ የለበሰ ራኬት ጠርዙ ግን ራቁቱን ነው። የንጣፎቹ ጫፎችና የኮላው መስመሮች ሁሉ የሚታዩት በዚያ ነው። ቤትን ብንመስለው፣ ፊቱ ግድግዳ፣ ጠርዙ ደግሞ ያልተዘጋ በር መሆኑ ነው። ጠላትም የሚገባው በበሩ ነው።

ሦስቱ የጠርዝ ጠላቶች

1ኛ፤ ምት። ብዙ ሰው ራኬትን የሚጎዳው ኳስ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ክብደቷ 2.7 ግራም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠርዝን ለመስበር አቅም የላትም። ራኬትን የሚሰብረው ጠረጴዛው ነው። ይህንንም በፊዚክስ ትምህርታችን ማስላት እንችላለን።

ራኬቱ 180 ግራም ይመዝናል፣ በሴኮንድ 5 ሜትር ፍጥነት ሲሄድም የጠረጴዛውን ዳር ይመታል እንበል። የእንቅስቃሴው ጉልበት የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ሲባዛ ነው፤ ይኸውም 0.09 ሲባዛ በ25፣ 2.25 ጁል ይሆናል። ጠንካራው እንጨት በጠንካራው ጠረጴዛ ላይ ሲቆም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ገብቶ ቢቆም፣ አማካዩ ኃይል 2,250 ኒውተን ይሆናል። ይህም ከሁለት ኩንታል በላይ የሆነ ሸክም ለአንድ አፍታ በጠርዙ ላይ እንደ ተጫነ ያህል ነው። በጠርዙ ላይ ልስልስ ያለ ነገር ተለጥፎ ራኬቱ በ1 ሚሊ ሜትር ፋንታ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ኃይሉ በግማሽ ቀንሶ 1,125 ኒውተን ይሆናል። ይህ ስሌት ግምት ነው፤ የእጃችንን ክብደትና የራኬቱን መሽከርከር አልቆጠርንም። የሚያስተምረን ነገር ግን እርግጥ ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር የምታህል ልስልስ ነገር ግማሹን ጉዳት ልታስቀር ትችላለች።

2ኛ፤ ርጥበት። እንጨት ዛፍ በነበረበት ጊዜ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚያመላልሱ እጅግ ቀጫጭን ቧንቧዎች ነበሩት። ዛፉ ተቆርጦ ሳንቃ ከሆነ በኋላም ቧንቧዎቹ አይጠፉም። አፋቸው የሚከፈተው በተቆረጠው ጫፍ ስለ ሆነ፣ እንጨት ውሃን ከፊቱ ይልቅ በጫፉ በኩል በጣም ፈጥኖ ይመጣል። በሰምበሌጥ ነዶ ላይ ከጎኑ ውሃ ብታፈሱበት ይንሸራተታል፤ በጫፉ ብታቆሙት ግን ይጠጣዋል። የራኬት ጠርዝም እንዲሁ ነው።

በወሎ ምድር ዝናብ ሁለት ጊዜ ይጥላል፤ በበልግና በክረምት። በመካከሉ ደግሞ ደረቁ በጋ አለ። እንጨት ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የአንዱ ንጣፍ ክር በቁመት፣ የሌላው በአግድም ስለ ሆነ እብጠታቸው እኩል አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ኮላ ወዲህና ወዲያ ይጎተታል። ይህ በየወቅቱ ሲደጋገም ኮላው ይደክማል። የእጃችን ላብም ያንኑ ያህል ይሠራል፤ በተለይ በአንገቱ አጠገብ።

ይህን ለማየት አንድ ቀላል ፈተና አደረግሁ። አናጢው ከሰጡኝ ሁለት የኮምፔርሳቶ ቁራጮች የአንዱን ጠርዝ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብቼ አደረቅሁት፤ ሁለተኛውን እንዳለ ተውሁት። ከዚያም ሁለቱን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኋቸው። በማግሥቱ ያልተቀባው ጠርዙ አብጦ በጥፍር ሲነካ ንጣፎቹ ይላቀቁ ጀመር። የተቀባው ግን እንደ ነበረ ነው። ማንም ተማሪ በቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

3ኛ፤ መፋተግ። ራኬት ያለ ማኅደር በቦርሳ ውስጥ ከኮምፓስና ከማስመሪያ ጋር ሲንገላታ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጣል፣ ከጠረጴዛ ሥር የገባች ኳስ በእርሱ ስትጎተት ጠርዙ ቀስ በቀስ ይፋቃል። ይህ ጠላት ድምፅ የለውም፤ ነገር ግን በሩን የሚከፍተው እርሱ ነው። ከእርሱ በኋላ ርጥበት ይገባል፤ ከርጥበት በኋላ ምት ይጨርሰዋል።

ከአባቶችና ከእናቶች የምንማረው

ጠርዝን መልበጥ አዲስ ጥበብ አይደለም። እናቶቻችን የመሶብን ዳር በቆዳ የሚለብጡት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ስፌቱ ከዚያ ስለሚፈታ ነው። የብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታቸው ቆዳ ለብሶ ለዘመናት ቆይቷል። የሸማ ዳር የሚቋጨው፣ የልብስ ጫፍ ታጥፎ የሚሰፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ማናቸውም የተሠራ ነገር መፈታት የሚጀምረው ሥራው ካለቀበት ቦታ ነውና፣ ጥንቃቄም የሚያስፈልገው በዚያው ነው።

አሠራሩ በተራ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በትምህርት ቤታችን የምንከተለው እንዲህ ነው።

ሀ) መመርመር። ራኬቱን በብርሃን ፊት ይዞ ጠርዙን ዙሪያውን ማየት። ጥቁር መስመር ካለ ንጣፉ መከፈት ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያም ዙሪያውን በጣት ኳኳ ማድረግ፤ ደኅናው ቦታ የጠራ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ግን ድምፁ የታፈነ ነው።

ለ) ማድረቅ። ርጥበት የነካው ራኬት ሁለትና ሦስት ቀን በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። በእሳት ዳር ወይም በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ፈጽሞ አይገባም፤ እንጨቱ ይጣመማል፣ ላስቲኩም ይደርቃል።

ሐ) የተከፈተውን መዝጋት። የእንጨት ኮላ በወረቀት ጫፍ ወይም በቀጭን ስንጥር እያነሡ ወደ ስንጥቁ ማስገባት። የተረፈውን በጨርቅ መጥረግና በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል አጥብቆ አስሮ አንድ ቀንና ሌሊት መተው። አንድ ቁራጭ ጎድሎ ከሆነ ሰጋቱራን ከኮላ ጋር ለውሶ ጉድጓዱን መሙላት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማስተካከል።

መ) ማሸግ። የጠርዙን እንጨት በቀጭኑ ቫርኒሽ መቀባት፤ ላስቲኩን እንዳይነካ መጠንቀቅ። አንዳንድ ልጆች የሻማ ሰም ይቀባሉ። ሰም ውሃን ቢከለክልም ከእርሱ በኋላ ምንም ነገር አይለጠፍበትም፤ ስለዚህ ፕላስተር ለሚለጠፍበት ራኬት ሰም አይሆንም።

ሠ) መለካት። ከአንገቱ አንድ ጎን ጀምሮ በጫፉ ዞሮ እስከ ሌላው ጎን ድረስ በክር መለካት። የራኬት ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ክሩ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የፕላስተሩ ወርድ ከጠርዙ ውፍረት ጋር እኩል ይሁን፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ረ) መለጠፍ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ የጠርዝ ፕላስተር ከተገኘ መልካም። ካልተገኘ የጨርቅ ፕላስተር ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ናስትሮ የሚሉት በሁለት ድርብ ይበቃል። ከአንገቱ ይጀመርና ሳይወጠር፣ በአውራ ጣት እየተጫኑ ዙሪያውን ማስኬድ ነው። የተወጠረ ፕላስተር በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ጫፉ ይላቀቃልና። መጨረሻውን በመቀስ አጥፎ ሳይሆን ክብ አድርጎ መቁረጥ፤ ሹል ማዕዘን በቶሎ ይነሣል።

ፕላስተሩ ወደ ራኬቱ ፊት እንዳይታጠፍ በብርቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኳስ በታጠፈው ላይ ባረፈች ጊዜ አመላለሷ ይለወጣል፤ ይህም በጨዋታ ተንኮል ይሆናል።

ለልምምድ ብቻ በሚያገለግሉት ልሙጥ የእንጨት ራኬቶች ላይ የአሮጌ ብስክሌት ካላማዳሪ በቀጭኑ ቆርጦ በጫማ ሠሪዎች ማስቲሽ ማጣበቅ ይቻላል። ማስቲሽ ሽታው ጤናን ይጎዳል፣ በእሳትም ይያያዛል፤ ስለዚህ ሥራው ደጅ፣ ከእሳት ርቆ፣ ትልቅ ሰው ባለበት ይሁን። ለውድድር በሚቀርብ ራኬት ላይ ግን እንዲህ ያለ የሚተን ጎጂ ኬሚካል ያለበት ማጣበቂያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተከልክሏል። ቆርቆሮና ምስማርም ለጠርዝ አይሆኑም፤ ጠረጴዛውንና እጃችንን ይቆርጣሉ።

ስለ ክብደት

«ጥበቃ መልካም ከሆነ፣ ለምን ወፍራም አድርገን አንለብጠውም?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በቁጥር እንስጥ። 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ወርድና ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስተር ከ2 እስከ 3 ግራም ቢመዝን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካላማዳሪ ግን 5 ግራም ያህል ይሆናል። 5 ግራም በሚዛን ላይ ኢምንት ነው፤ በእጅ ላይ ግን ይታወቃል። ምክንያቱም ክብደት ከእጅ በራቀ መጠን ጫናው ይጨምራል። ከእጀታው መጨረሻ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ በጫፉ ላይ ያለ አንድ ግራም፣ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለው አንድ ግራም አምስት እጥፍ ይከብዳል። ይህ የማንሻ ሕግ ነው። ስለዚህ ጥበቃው ቀላል ይሁን፤ ጥበቃ በዝቶ መጫወቻውን መዶሻ እንዳያደርገው።

በሌላው ዓለም

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ፒክልቦል የሚባል ጨዋታ አለ። 13.41 ሜትር ርዝመትና 6.10 ሜትር ስፋት ባለው ሜዳ ላይ፣ በመካከሉ መረብ ተዘርግቶ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባላት የፕላስቲክ ኳስ ይጫወቱታል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በዋሺንግተን ክፍለ ሀገር ቤይንብሪጅ በምትባል ደሴት ነው፤ የጀመሩትም ጆኤል ፕሪቻርድ፣ ቢል ቤልና ባርኒ ማካለም ናቸው። የሚገርመው፣ መጀመሪያ የተጫወቱበት መምቻ እንደኛው የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ነበር። ከዚያም ከኮምፔርሳቶ ትልቅ መምቻ ቆርጠው ሠሩ።

ዛሬ ግን አብዛኞቹ የፒክልቦል መምቻዎች ውስጣቸው እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ እንዲህ የሚሠሩት ቀላልም ጠንካራም እንዲሆኑ ነው። የማር እንጀራ በፊቱ ሲጫኑት እንደሚችል፣ በተቆረጠው ዳሩ ግን በቀላሉ እንደሚደቅ ሁሉ፣ እነዚህም መምቻዎች ድካማቸው ከጠርዛቸው ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ በብዙዎቹ ዙሪያ የፕላስቲክ ከፈፍ ያደርጋሉ። ተጫዋቾች ደግሞ ዝቅ ያለች ኳስ ሲያነሡ መምቻው ወለሉን ስለሚፍቅ፣ በከፈፉ ላይ ፕላስተር ይጨምራሉ፤ ሲበላም ይለውጡታል። ከፈፉ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ኳስ በእርሱ ላይ ብታርፍ ወዳልታሰበ ቦታ ትሄዳለች። የጥበቃና የክብደት፣ የጥበቃና የጨዋታ ሚዛን በዚያም ያው ነው። ባለጠጋው አገርም ሆነ እኛ፣ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከመምቻው በፊት የሚያልቅ ርካሽ ነገር በጠርዙ ላይ ማኖር።

ስለ አያያዝ

ከፕላስተር ሁሉ የሚበልጠው አያያዝ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ እነዚህን እናስታውስ። ነጥብ ሲያመልጠን ጠረጴዛውን በራኬት አንምታ። ተራችንን ስንጠብቅ በራኬት ላይ አንደገፍ። ኳስ ከጠረጴዛ ሥር ስትገባ በእጃችን እናውጣት። ራኬትን ከእጅ ወደ እጅ እንስጥ እንጂ አንወርውር። ጨዋታ ሲያበቃ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጠርገን በጨርቅ ማኅደር ውስጥ እንክተት። ማኅደሩ ከአሮጌ ልብስ ሊሰፋ ስለሚችል ወጪ የለውም፤ ወላጆቻችንም በዚህ ሊረዱን ይችላሉ።

ፕላስተሩ ሲበላ ወይም ጫፉ ሲነሣ ቶሎ መለወጥ ይገባል። አሮጌው ሲላጥ ወደ ላይ አይነጠቅም፤ በጠርዙ ላይ ተኝቶ በቀስታ ይጎተታል፤ ያለዚያ የእንጨቱን ስንጥር ይዞ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ለውድድርም ይጠቅማል። በሕጉ ላይ በእርጅና ወይም በአደጋ የመጣ ትንሽ የፊት ጉዳት የራኬቱን ጠባይ በብዙ እስካልለወጠ ድረስ ሊፈቀድ ይችላል። በግጥሚያ መካከል ግን ራኬት መለወጥ አይፈቀድም፤ የሚፈቀደው በአደጋ ተሰብሮ የማያገለግል ሲሆን ብቻ ነው። እንግዲህ ጠርዙን ያልጠበቀ ተጫዋች ምናልባት በወሳኙ ሰዓት በማያውቀው ራኬት ሊጫወት ነው ማለት ነው።

መደምደሚያ

አናጢው ያንን ራኬት ጠግነው መለሱልን። ጫፉ ላይ ጠባሳ አለበት፤ ነገር ግን ዛሬም ያገለግላል። ጠባሳውንም እንዳይሸፈን ተውነው፤ ፕላስተሩ በጠርዙ ብቻ ይዞራል። በየሳምንቱ ዓርብ ሁለት ተማሪዎች በተራ ራኬቶቹን ይመረምራሉ፤ ያገኙትንም በደብተር ይጽፋሉ። ይህ ደብተር ከፕላስተሩ ይልቅ ይጠቅመናል። ስንጥቅ በተገኘ ቀን ይጻፋልና፣ በሌላ ቀን ራኬቱ በማን እጅ ላይ ቢወድቅ ያ ሰው ብቻውን አይከሰስም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ከዚህ ነገር የተማርሁት ይህንኑ ነው። አንድ ነገር የተሰበረበት ቀንና የወደቀበት ቀን አንድ አይደለም። በመጨረሻ የነካው ሰው የታየ ነው፤ ከእርሱ በፊት የነካን ሁላችን ግን አልታየንም። በራኬት ብቻ ሳይሆን በክፍላችን ወንበር፣ በቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ፣ በወላጆቻችንም ቤት ዕቃ ይኸው ነው። ስብራት ባየን ጊዜ «ማን ሰበረው?» ከማለታችን በፊት ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረን ነጩንና ጥቁሩን እንለይ።

ገንዘቡን ለዚያ ልጅ በመለስንለት ቀን ተቀበለን እንጂ አልተናገረንም። ወደ ጠረጴዛው የተመለሰውም ወዲያው አይደለም፤ ጥር ወር ላይ ነው። ያን ቀን ዓርብ ነበርና ራኬቶቹን የመመርመር ተራ የእኔ ነበር። ከጎኔ መጥቶ አንዱን አነሣና በጣቱ ዙሪያውን ኳኳ አደረገው። «ይህ ደኅና ነው» አለኝ። እኔም በደብተሩ ጻፍሁት።